ምድጃው ከታች፣ እንጨቱ ከላይ

ባለፈው ሰሞን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ስወርድ መንገድ የሚያስፋፉ ሠራተኞች ከአንድ የፈረሰ ቤት ጥግ እሳት አንድደው ሲሞቁ ደረስኩ። ዝናቡ ገና አላባራም። ያነደዱት እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቶሎ አይያያዝም፤ መጀመሪያ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቅና ሲር ሲር ይላል፤ ከዚያ ዓይን የሚለበልብ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይለቃል። ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ ጭሱ ይጎዳዎታል፤ በዚህ በኩል ይለፉ» አለኝ አንዱ ጎረምሳ በትሕትና። አመስግኜው አለፍኩ እንጂ ጭሱስ አልጎዳኝም። ያን ሽታ ካጣሁት ስንት ዘመኔ! ዛሬ ጉለሌ በኤሌክትሪክ ነው የሚያበስለው፤ ብርዱንም ሰው በብርድ ልብስና በቴሌቪዥን ነው የሚያሳልፈው። በኛ ጊዜ ግን ክረምት ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር፤ ፀጉራችን፣ ነጠላችን፣ ደብተራችን ሳይቀር። አውቶቡስ ላይ አጠገባችን የተቀመጠ የመሀል ከተማ ሰው ሽታውን ማግ ማግ ያደርግና «የጉለሌ ልጆች ናችሁ አይደል?» ይለን ነበር።

የኛ ቤት ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከሸማኔዎቹ አለፍ ብሎ የቆመ አሮጌ ፎቅ ነበር። ፎቅ ስል የዛሬውን መስታወት በመስታወት አይምሰላችሁ። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ የጣውላ በረንዳ የዞረው፣ ሲራመዱበት የሚያቃስት ቤት ነው። አባቴ የገዛው ከአንድ አርመን ነጋዴ ሲሆን ምድጃውም ከቤቱ ጋር አብሮ መጣ። እንዲህ ያለ ምድጃ በሰፈሩ ሁለተኛ አልነበረም። ከወፍራም ጥቁር ብረት የተሠራ፣ አራት አጫጭር እግሮች ያሉት፣ መዝጊያው ሲከፈት እንደ በር የሚጮህ። ምድር ቤቱ መሀል ይቀመጣል፤ የጭሱ ቱቦ ኮርኒሱን በስቶ ወደ ላይ ይወጣና የፎቁን ትልቅ ክፍል መሀል ለመሀል አቋርጦ በቆርቆሮው በኩል ጭሱን ለእንጦጦ ነፋስ ይሰጣል። ከታች ሲነድ ቱቦው ይግላል፤ ላይኛውም ቤት አብሮ ይሞቃል። ከትምህርት ቤት በስብሰን ስንመጣ እኔና ወንድሜ ሰይፉ ጀርባችንን ለቱቦው ሰጥተን እንቆማለን፤ ከልብሳችን እንፋሎት ሲወጣ እማዬ «አሁን ደግሞ ልትቀቀሉ ነው?» ትላለች። አባቴ ደግሞ ወንበሩን ወደ ቱቦው እየሳበ «ክረምት የሚገባው ጎረቤት ቤት ነው» ይል ነበር።

አባቴ ለውጡ ሳይመጣ ሞተ። ብዙ ነገር ሳያይ ሄደ እላለሁ አንዳንዴ። ፍልጥ እንጨት አንድ ሸክም በሁለት ብር ይገዛ የነበረበትን፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም የነበረበትን፣ ወንዱ ሱሪውን ከታች እንደ ደወል አስፍቶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ሴቱ ታኮ ጫማ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ጭቃ ውስጥ የሚንገዳገድበትን ጊዜ ብቻ ይዞ ሄደ። ከእርሱ በኋላ ጎፈሬው ተቆረጠ፣ ካኪው በዛ፣ ከየሻይ ቤቱ የሚሰማው የፍቅር ዘፈን ቀርቶ የሰልፍ መዝሙር ሆነ። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ቤታችንን ዞረው አዩ። ምድር ቤቱ የራሱ በር አለው። «ይህ ራሱን የቻለ ቤት ነው፤ ትርፍ ነው» አሉ። ሁለቱን ቤት የሚያገናኘውን የውስጥ ደረጃ አፉን በጣውላ መትተው ዘጉት፤ እኛ በውጭው ደረጃ ወደ ላይ፣ ምድር ቤቱ ለቀበሌ። እማዬ ወይዘሮ አበበች በረንዳው ላይ ቆማ ሚስማሩ ሲመታ ታይ ነበር። ሲጨርሱ «ምድጃውስ?» አለች።

«ምድጃው ከቤቱ ጋር ነው፣ እናት» አላት አንዱ።

ምድር ቤቱ የተሰጠው መኮንን ለሚባል የቀበሌ ጥበቃና ለሚስቱ ለትርንጎ ነው። መኮንን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ረጅም፣ ጠብመንጃውን የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል ከሰውነቱ አርቆ የሚይዝ ሰው ነበር። ትርንጎ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎቹ ትሸጣለች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እማዬ ግን ሰላምታቸውን በራስ ንቅናቄ ብቻ ነበር የምትመልሰው። እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ምድጃው እነሱ ጋ ነው፤ እንጨት መግዣ ግን የላቸውም፤ ላምባ እንኳ ተሰልፈው አንዳንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ። እንጨቱ ደግሞ እኛ ጋ ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ያስቆረጠው፣ በረንዳው ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደረ፣ ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ፍልጥ። «የኔን እንጨት አውርጄ የነሱን ቤት ላሞቅ?» ትል ነበር እማዬ። ስለዚህ ክረምቱን ሁለታችንም በረደን። ቱቦው በክፍላችን መሀል እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ቆመ። ሌሊት ጤዛ ያወርዳል፤ እማዬ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ትጠርገዋለች። ጉልበቷን ቁርጥማት ጀመራት። ቱቦው ኮርኒሱን ከበሳበት ቀዳዳ የትርንጎ ሳል ይሰማናል፤ የእማዬም ማቃሰት ለእነሱ ይሰማቸው ነበር መሰለኝ።

ከዚያ የሰይፉ ነገር መጣ። ሰይፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሳቂታ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ ራሱ የሚተኩስ፣ ለመስታወት ጊዜ የሚሰጥ ልጅ። ምን ያነብ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይገናኝ እንደነበር እኔ እንኳ እኅቱ አላውቅም፤ ያኔ አለማወቅም ደግ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት እማዬ ከቅዳሴ ሳትመለስ አሰሳ መጣ። ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ደረጃውን ወጡ፤ መኮንን ከታች በሩ ላይ ጠብመንጃውን ይዞ ቆመ። ሰይፉ ፊቱን እየታጠበ ነበር። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉኝ። ፎጣውን ሰጠኝና «እማዬን አታስደንግጫት» ብሎኝ ወረደ። በረንዳው ላይ ሆኜ ስከተለው መኮንንን አለፈው። መኮንን መሬት መሬት ያይ ነበር። እማዬ ነጠላዋን መስቀልያ እንዳጣፋች ዳገቱን ስትወጣ ልጇን የያዘው መኪና በአጠገቧ አልፏል፤ አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ማንኛችሁም ቤት ነው። እማዬ ያልሄደችበት ቢሮ፣ ያልቆመችበት በር አልነበረም። ከታች ያለው ሰው በራፋችን ላይ ቆሞ ልጇ ሲወሰድ ያየ ሰው ነውና ሰላምታዋም ቀረ። በደረጃው ሥር ሲተላለፉ መንገድ ለቆላት ወደ ግድግዳው ይጠጋ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ እንጦጦ ከጉም ውስጥ ጨርሶ በማይወጣበት ወቅት፣ ትርንጎ ያለ ወሯ ወለደች። የወለደችበት ሆስፒታል ሞልቶ ስለነበር ብዙ አላቆዩዋትም፤ «ሙቀት እንዳይለየው» ብለው ሕፃኑን በጥጥ ጠቅልለው ሰደዷት። እማዬ ቱቦው ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ የሕፃኑ ድምፅ በቀዳዳው መጣ። ልቅሶ አይባልም፤ የድመት ግልገል ይመስላል። እማዬ እጇ ቆመ። «ይኼ ልጅ በርዶታል» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ ነው የነገረችው።

ከሰዓት በኋላ የውጭው ደረጃ ሲያቃስት ሰማን። መኮንን ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ጠብመንጃ አልያዘም። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እትዬ አበበች፣ ለራሴ ብሆን አልመጣም ነበር» አለ።

«ልጄ የት ነው?» አለችው እማዬ።

«አላውቅም፣ እትዬ። በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ አላውቅም። እኔ በር ላይ ቁም ሲሉኝ ነው የቆምኩት።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። የሕፃኑ ድምፅ በቀዳዳው እንደገና ተሰማ። «ሮማን» አለችኝ፣ «ተነሺ፣ እንጨት አውርጂ። ከግድግዳው ጥግ ካለው፣ በጣም ከደረቀው።» ከዚያ ወደ እርሱ ዞራ፦ «አንተ ደግሞ የት እንዳለ አጣራና ስንቅ አድርስልኝ። እኔን ከበር እየመለሱ ገደሉኝ፤ አንተን ያስገቡሃል። እንጨቱን የምሰጥህ ለዚህ ብዬ አይደለም፤ ብታጣራም ባታጣራም ውሰድ። ግን እለምንሃለሁ።» እማዬ ሰው ስትለምን ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ እንጨቱን በእቅፍ በእቅፍ አወረድኩ። ምድጃው ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ቱቦው በጥቀርሻ ተደፍኖ ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ትርንጎ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ደጅ ሮጠች። ይህን ጊዜ እማዬ ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ቤቷ ተወስዶ ከተዘጋባት ጊዜ ጀምሮ ምድር ቤቱን ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዙሪያውን አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄዳ መኮንንን ቱቦውን እንዲያላቅቅ አዘዘችው፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥማ ጥቀርሻውን አራገፈችው። ሁላችንም ጥቁር በጥቁር ሆንን። ከዚያ ለትርንጎ እሳቱን አሳየቻት። «መጀመሪያ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ስስ ፍልጥ። ሲያያዝ ወፍራሙን ጨምሪና መዝጊያውን ገርበብ አድርጊው፤ ሙሉ ከከፈትሽው እንጨት ይበላል እንጂ ቤት አያሞቅም። ልትተኚ ስትይ ፍሙን በአመድ አልብሺው፤ ጠዋት ያገኝሻል።» ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ገና ሳይመሽ ቱቦው ከላይ ጋለ። ጣውላው ወለል እንደ ሰው እየተንጠራራ ጣ ጣ ማለት ጀመረ። እማዬ መዳፏን ወደ ቱቦው አስጠግታ ረጅም ጊዜ ቆመች።

በዚያ ሳምንት መኮንን ወሬ ይዞ መጣ። «አግኝቼዋለሁ። ስንቅ ይገባል» አለ። የትኛው እስር ቤት እንደሆነ ነገረን። እማዬ እንዴት እንደሆነች አልነግራችሁም። እሑድ እሑድ ድርብርብ የምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ በፍልሰታ ምስርና ጎመን፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ዶሮ። ሰይፉ የሚወደው ቀይ ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ ወጥ ነውና ሽንኩርቱን ስትቆላ ግማሽ ቀን ይሄዳል። መኮንን የምሳ ዕቃውን በፎጣ ቋጥሮ ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ባዶውን ይመልሳል። ባዶ ተመለሰ ማለት በላ ማለት ነው፤ በላ ማለት አለ ማለት ነው። እማዬ የምሳ ዕቃውን ከማጠቧ በፊት ታሸተው ነበር። ቤቱም ሞቀ። ልብስ በቱቦው ዙሪያ መሰቀል ጀመረ፤ የእኛና የሕፃኑ ጨርቅ ጎን ለጎን። እማዬ ሕፃኑን ታጥበዋለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ክርስትና ሲነሣም ካህኑ ካወጡለት ስም ሌላ ትርንጎ ሙሉቀን አለችው። ሕፃኑ ጉንጭ አወጣ።

እኔ ግን አንድ ነገር አላማረኝም። እማዬ የተተኮሰ ሸሚዝ ልካ የቆሸሸውን እንዲያመጣላት ስትጠይቅ መኮንን «ልብስ ማስወጣት ተከልክሏል» አለ። የሌሎች ሰዎች እናቶች የልጆቻቸውን እድፍ ልብስ እያመጡ ያጥቡ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ሥር ጠብቄ «ጋሼ መኮንን፣ በዓይንህ አይተኸዋል?» አልኩት። «ስንቁ ይገባል አልኩሽ እኮ» አለኝና አለፈኝ። ወንድምሽ አለ ከሚለኝ ሰው ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ረግፎ ብርዱ ደረቅ ሲሆን መኮንን ወደ ጦር ግንባር ተመደበ። በአንድ ጠዋት ተነሥቶ ሄደ፤ ትርንጎ ሕፃኑን አቅፋ መንገድ ላይ ቀረች። እሑድ ሲመጣ እማዬ የምሳ ዕቃውን ራሷ አንሥታ «ዛሬ እኔ ነኝ የማደርስለት» አለች። ልከተላት ብል አልፈቀደችልኝም። አውቶቡስ ይዛ ሄደች። ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ቆሜ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። የምሳ ዕቃውን ከደረቷ አስጠግታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባዶ የምሳ ዕቃ እንደዚያ አይያዝም።

ወደ ላይ አልወጣችም፤ በቀጥታ ወደ ትርንጎ ገባች። እኔም ሮጬ ወረድኩ። የምሳ ዕቃውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። «ሰኔ ነው አሉኝ» አለች። «ሐምሌ ሳይገባ። እንግዲህ ያ ሁሉ ስንቅ... ሰኔ ነው አሉኝ።» ቁጭ አለች። ያኔ እንደ ሰይፉ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፤ ድንኳን የለም፣ ለቅሶ መድረስ የለም፤ ያለቀሰም ይጠየቃል። ትርንጎ ፊቷ አመድ መስሏል። ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝ፤ መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ቀረቀረች፤ ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አንሥታ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው። የሰልፍ መዝሙር ቤቱን ነቀነቀው። «አሁን ያልቅሱ እትዬ» አለቻት በጆሮዋ፣ «አሁን አይሰማም።» እናቴ በዚያ መዝሙር ውስጥ ልጇን አለቀሰች። ትርንጎም አብራት ደረቷን መታች። ሕፃኑ እጄ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ሁለቱን ሴቶች ያያል።

ዝም ሲሉ እማዬ «ታውቂ ነበር?» አለቻት። ትርንጎ ሕፃኑን ከእጄ ተቀብላ «በዚህ ልጅ እምላለሁ፣ አላውቅም» አለች። እማዬ ተነሥታ የምሳ ዕቃውን እዚያው ትታ ወጣች። ማግስቱን ግን ቀኑ ሲገባደድ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ነካ አድርጋ «እንጨት አውርጂላቸው» አለችኝ። እኔ እንደሷ አልሆንኩም፤ «እሱ ሲዋሸን ከርሞ?» ብዬ ጮኽኩ። «ሕፃኑ ምን አደረገ?» አለች። ጥቁር ልብስ ከውስጥ ለብሳ፣ ላዩን ሰማያዊ ሹራቧን ደርባ ዓመቱን ጨረሰች። ጎረቤቶች አንድ በአንድ፣ ጨው የሚበደሩ መስለው እየመጡ እጇን ጨብጠው ተመለሱ።

መኮንን የመጣው ስንት ክረምት አልፎ፣ ሙሉቀን ደረጃውን በእንፉቅቅ ሳይሆን በእግሩ እየወጣ እማዬ ዘንድ መዋል ከጀመረ በኋላ ነው። በምርኩዝ ነበር። አንድ እግሩ አይታጠፍም። የመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ የውጭው ደረጃ ሲያቃስት እማዬ ማን እንደሆነ አውቃ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ልነሣና በሩን ልዘጋበት ነበር፤ በእጇ አስቀመጠችኝ። በዚያ እግር ወደ ላይ መድረስ ብዙ ፈጀበት። ደርሶ በሩ ላይ ቆመ፤ አሁንም አልገባም።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው።

አልተቀመጠም። «የመጀመሪያ ቀን ነው የነገሩኝ፣ እትዬ። ስሙን ስሰጣቸው ‘የለም’ አሉኝ። ልነግርዎ መጣሁ። ስገባ ምድጃው ይነዳል፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ልቅሶ ተኝቷል፤ እርስዎ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ እሑድ መጣ፣ ሌላ እሑድ መጣ...»

«እንጨቱን እንዳንከለክልህ ነው?» አልኩት ከጥግ ሆኜ።

ወደ እኔ ዞረ። «እሱም ይሆናል፣ ሮማን። አላውቅም። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አልለይ አለኝ።»

እውነቱን ይሁን፣ እንዲታዘንለት የተናገረው ይሁን ዛሬም ድረስ አልቆረጥኩም። እማዬ ግን ስለ እንጨቱ አልጠየቀችውም። ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሣ «ምግቡን ማን በላው?» አለችው።

መኮንን ምርኩዙን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በሩ ላይ የማውቀው ልጅ ነበር፤ እሱ ያስገባልኝ ነበር። ጠያቂ ለሌላቸው ነው የሰጠነው። ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ ዘመዶቻቸው የት እንዳሉ እንኳ የማያውቁላቸው ልጆች።»

«ስንት ናቸው?»

«መጀመሪያ ብዙ ነበሩ። በኋላ ይቀንሱ ነበር።»

«ይጠግቡ ነበር?»

መኮንን ሊዋሽ እንዳሰበ አየሁት። ከዚያ ተወው። «አይጠግቡም፣ እትዬ። እየተሻሙ ነው የሚበሉት።»

እናቴ ጭኗ ላይ የነበረውን ነጠላ አጣጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። ከታች ትርንጎ እንጨት ጨምራ የምድጃው መዝጊያ ሲጮህ ተሰማ።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለችው፣ «አብዝቼ እሠራ ነበር።»